ስልኩ «ሞተ…» ያለ ጊዜ፦ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ

ሰው ወደ ጉራጌ አገር የሚሄደው ለመስቀል ነው፣ ለሠርግ ነው፣ አለዚያም ለለቅሶ ነው። እኔ የሄድኩት የስልክ መተግበሪያችንን ሰዉ ለምን እንደሚያጠፋው ለመጠየቅ ነው። ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ ደውለሽ አትጠይቂያቸውም?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን ደውዬ ደውዬ ቀጥተኛ መልስ የሚሰጠኝ ሰው አጥቼ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ቢኒያም «ሞተረኛዬ» የሚባል መተግበሪያ ሠርተናል። መኪና በማይገባበት መንደር የሚኖር ሰው ስልኩን ሲነካ፣ ቅርብ ላለው ሞተረኛ ጥሪ ይደርሰዋል። ሞተረኛው በሽተኛውን ወይ ነፍሰ ጡሯን ሐኪም ቤት ሲያደርስ ደግሞ ቤት ለቀሩት መልእክት ይሄዳል። ስሙን ያወጡት የወልቂጤ ሞተረኞች ናቸው፤ በጭብጨባ ነው የጸደቀው። ወልቂጤ ላይ ሥራው ደህና ነበር። ከእምድብር ወዲያ ባሉት መንደሮች ግን ሰው ጭኖት ሳይሰነብት ያጠፋዋል። በዚያው ሳምንት ዓርብ የቡታጅራ ሞተረኞች ተሰብስበው እንቀበለው አንቀበለው ሊሉ ቀጠሮ ይዘዋል። እነሱም እምቢ ካሉ ሥራውን እንዝጋው ብለን ከቢኒያም ጋር ተስማምተናል። እሱ የተስማማው ከልቡ ነው፤ እኔ ግን በአፌ ነበር።

ሰኞ

ቦርሳዬ ዛሬም ድረስ አንድ ጎኑ ሰማያዊ ነው። አየር ጤና መናኸሪያ ረዳቱ «ወልቂጤ የሞላ! አንድ ሰው!» ሲል ሮጬ ገባሁ። የሞላ የተባለው ሚኒባስ ግማሹም አልተያዘም ነበር። አጠገቤ አንዲት ጠና ያሉ ሴት የቀለም ባልዲ በእግራቸው መሀል አድርገው ተቀምጠዋል። መስቀል ስለደረሰ ቤታቸውን ሊያስቀቡበት ነው። ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን በሰላም አለፍን። ወሊሶን እንዳለፍን ሾፌሩ መንገዱ ላይ ያለውን ጉብታ ሳያየው ዘለለበትና የባልዲው ክዳን ተፈናጠረ። ቀለሙ በቀጥታ የኮምፒውተር ቦርሳዬ ላይ!

«ወይ ጉዴ! ወይ እኔ አፈር ልብላ!» አሉና ነጠላቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቁጡ ነኝ፣ የሚያውቁኝ ያውቁኛል። ነጭ ነጠላቸው እያየሁት ሰማያዊ ሲሆን ግን ቁጣዬን ዋጥኩት። «ይተዉት እትዬ፣ ኮምፒውተሩ አልተነካም» አልኳቸው።

እትዬ አስካለ ይባላሉ። መንደራቸው ከእምድብር ወዲያ ነው። «እኔ ቤት ሳታድሪ አገሬን ለቀሽ አትሄጂም» ብለው ማሉብኝ። ለምን እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ሞተረኛዬ የሚባል የስልክ ነገር አለ፤ የእኛ ሥራ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። መጥረጋቸውንም አቆሙ።

«የእናንተ ነው?» አሉኝ። «በይ ነገ ነይ። ባለቤቴ ይንገርሽ። እኔ ስሙንም አልጠራው።»

ባልዲያቸውን ከድነው እስከ ወልቂጤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ወልቂጤ ስንወርድ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አዲስ አበባ ሹራብ ለብሼ ነበር የወጣሁት፤ እዚያ ወዲያው አውልቄ ወገቤ ላይ አሰርኩት። የሞተረኞቹ ሰብሳቢ ሙራድ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀኝ። ቦርሳዬን አየና «ምነው መቅዲ፣ ሥራ ቀየርሽ እንዴ? ቀለም ቀቢ ሆንሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። አልጋ የያዝኩበት ቤት ባለቤት ሴትዮ ከሙራድ ሞተር ትንሽ ቤንዚን አስቀዱና ራሳቸው ቦርሳዬን ፈተጉት። አዲስ አበባ የሆቴል ሰው ቦርሳዬን ቢያየው፣ አንሶላውን እንዳላቆሽሽ ነበር የሚያስጠነቅቀኝ። ቀለሙ በግማሽ ለቀቀ፤ የቤንዚኑ ሽታ ግን ሳምንቱን ሙሉ አብሮኝ ዞረ።

እራት ላይ ሙራድን ጠየቅሁት። «ወላሂ ነው የምልሽ፣ አላውቅም» አለኝ። «ልጆቹ ወደዚያ ሲሄዱ ሰዉ ይሸሻቸዋል። አንዱን ‘አንተ መልአከ ሞት ነህ’ ብለው አባረውታል።»

ማክሰኞ

ወደ እምድብር በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አታት ላይ ግማሹ ሰው ፌስታልና ፔርሙዝ ይዞ ወረደ፤ ሆስፒታል የተኛ ሰው ጠያቂ ነው። እኛ ብርቱካን እንደምንይዘው ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ለአስታማሚውም ለጎረቤት አልጋውም የሚበቃ ምግብ መያዛቸው ነው።

ከእምድብር አንድ ሞተረኛ አፈናጦኝ ቀጠልን። ጭቃውን ልግለጸው ብል አልችልም። ክረምቱ ገና አልወጣም። አንድ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ ሄድን። ከአሰቱ መሀል አንዲት ሴት ብቅ ብለው ምንም ሳይጠይቁኝ ውኃ በጆግ አመጡና እግሬን አጠቡኝ። እዚያ እንሰትን አሰት ነው የሚሉት፤ የእያንዳንዱ ቤት ጓሮ በእሱ የተሞላ ነው። ከዚያ ጀፎረው ላይ ወጣን። ጀፎረ ማለት ከቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ መንገድ ነው። የእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ሁለት መኪና አያሳልፍም፤ ይሄ ሠርግ ከነሙሽራው፣ ለቅሶ ከነድንኳኑ ይችላል። ለቅሶ ያልኩት በኋላ ቆጨኝ።

እትዬ አስካለ እንደ ልጃቸው ተቀበሉኝ። ባለቤታቸው ጋሽ ወልዴ ግን እጄን ብቻ ጨብጠው ተቀመጡ። ወንድ ልጃቸው ታደሰ እግሩ በጄሶ ታስሮ መደብ ላይ ተጋድሟል። ሴት ልጃቸው ብርሃኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት መጥታለች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ቀኗ ደርሷል። ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበልኝ። አዲስ አበባ ቆጮ ከክትፎ ጋር የምትመጣ እንግዳ ናት፤ እዚያ ባለቤት ናት፣ ትኩስ ናት፣ ሌላ ነገር አታስመኝም። በልቼ ሳልጨርስ ጋሽ ወልዴ ጀመሩ።

«ታደሰ ከዛፍ ላይ ወደቀ። በዚያ ባንቺ ነገር ጠራን። ሞተረኛው መጥቶ ወሰደው፤ እግዜር ይስጠው። እኔ ደጅ ላይ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ስልኩ ጮኸ። አየሁት። ‘ታደሰ፦ ሞተ’ ይላል።»

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩ።

«መንደሩ ሁሉ መጣ። ድንኳን ተተከለ። እሱ ሲደውል ለቅሶ ላይ ስለሆንን የሚሰማ የለም። ብርሃኔ አንስታው ‘አባ፣ ታደሰ ነኝ ይላል’ ስትለኝ ልመታት ነው የተነሳሁት።»

«እኔ ሐኪም ቤት ሆኜ የራሴን ለቅሶ በስልክ ሰማሁት» አለ ታደሰ ከመደቡ ላይ። «ሙሾዬ እንዴት ያምር እንደነበር!»

«ዝም በል አንተ!» አሉት እናቱ፤ የሳቀ ሰው አልነበረም።

እኔ አላመንኩም። እንደዚያ የሚል መልእክት አልጻፍንም! የሚሄደው መልእክት «ታደሰ፦ ሞተረኛው በሰላም ሆስፒታል አድርሶታል» የሚል ነው። የጋሽ ወልዴን ስልክ ለመንኳቸው፤ መተግበሪያውን መልሼ ጫንኩና ከራሴ ስልክ ያንኑ መልእክት ላክሁ። ምነው እጄን በሰበረው! ስልኩ መደቡ ላይ ጮኸ፣ በራ፦ «ታደሰ፦ ሞተ…»። እትዬ አስካለ ደረታቸውን መቱ። ብርሃኔ ጮኻ ወንድሟን ያዘችው፤ እሱ እዚያው ተጋድሞ እያለ።

ያኔ ነው የገባኝ። ጋሽ ወልዴ ዓይናቸው ስለደከመ ፊደሉን አተልቀውታል። መንደሩ ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ፊደሉ ሲተልቅ ስልኩ የሚበቃውን ያህል ያሳይና የቀረውን ቆርጦ ሦስት ነጥብ ያደርግበታል። የአማርኛ ነገር ደግሞ ማሠሪያው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «አድርሶታል» ተቆረጠ፤ ከ«ሞተረኛው» ላይ «ሞተ» ቀረች። የመተግበሪያው ስምም ከምልክቱ ሥር «ሞተ…» ነው የሚለው። ለካ ሰዉ ሞትን ኪሱ ይዞ አልዞርም ብሎ ነው የሚያጠፋው! እኛ ቢሯችን ውስጥ በትልልቅ አዳዲስ ስልኮች፣ በደቃቅ ፊደል ስንሞክረው ከርመናል። ተናደድኩ፤ አፈርኩም።

ለጋሽ ወልዴ አስረዳኋቸው። አዳምጠው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ነጥቦቹስ? ከ‘ሞተ’ በኋላ ያሉት?»

«ሌላም ጽሑፍ አለ፣ ግን አልበቃም ማለት ነው።»

«እኔ ሌላም ሰው አለ ማለት መስሎኝ ነበር» አሉ። «ቀጥሎ ማን ይሆን እያልኩ ነው የሰነበትኩት።» ይህን ሲሉ ብርሃኔን አላዩዋትም፤ እኔ ግን አየኋት።

«እሷ ምጥ ሲይዛት እንዴት ልታደርጉ ነው?» አልኩ።

«በቃሬዛ። ጎረቤት አለን።»

«በዚህ ጭቃ?»

የሞተረኞቹን ቁጥር ይዘው በቀጥታ እንዳይደውሉ፣ ሞተረኞቹ ልጆች ሲም ካርድ እንደ ካልሲ ነው የሚቀያይሩት። ሳላስተካክለው ከዚህ ቤት አልወጣም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ረቡዕ

ስሙን መቀየር ቀላሉ ሥራ ነበር። ጋሽ ወልዴ ማታ ሲያወሩ «ድረስልን ብለን ስንጠራችሁ…» ብለው ነበር፤ ቃሏ ጆሮዬ ውስጥ አደረች። «ድረስ» አልኩት። ሦስት ፊደል ናት፤ ምን ቢተልቅ አትቆረጥም። ሙራድ ጋ ደውዬ ስነግረው «እንደውም ከበፊቱ ትበልጣለች፤ ልጆቹን ለእኔ ተይ» አለኝ። መልእክቱን ደግሞ በሁለት መስመር ሰበርኩት፤ ላይ ስም፣ ታች አንድ ቃል። መጀመሪያ «ደረሱ» ብዬ ለሁሉም በአክብሮት ጻፍኩ። ብርሃኔ አየችውና «እኔን ‘ደረሱ’ ሊለኝ ነው? አሮጊት አደረግሽኝ እኮ!» ብላ አኮረፈችኝ። ስለዚህ ሲጠሩ ወንድ ወይ ሴት ብለው የሚመርጡበት አበጀሁና «ደረሰ»ን ከ«ደረሰች» ለየሁ።

ችግሩ ማሸጉ ላይ መጣ። አንድ መተግበሪያ ታሽጎ ሲወጣ የሠሪው ምስጢራዊ ቁልፍ ይታተምበታል። ቁልፉ ዕቃ አይደለም፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፋይል ነው። በሌላ ቁልፍ የታሸገውን ስልኩ አላውቅህም ብሎ አያስገባውም። አሮጌውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ይቻላል፤ ግን ያጠፋ ሰው መልሶ እንደማይጭን እኔው ነኝ ያየሁት፤ ያላጠፉት ጥቂቶችም የመዘገቡት ሁሉ ይጠፋባቸዋል። የእኛ ቁልፍ ደግሞ ቢኒያም ኮምፒውተር ላይ ነው። ደጅ ቆሜ «ወይኔ! ቁልፉ አዲስ አበባ ቀርቷል!» ብዬ ጮኽኩ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ጉጠትና መዶሻ ይዘው እየተጣደፉ መጡ። እትዬ አስካለ ናቸው የላኩባቸው። «የቱ ነው የሚሰበረው?» አሉኝ፣ ሰማያዊውን ቦርሳዬን እያገላበጡ። ቦርሳው ዚፕ እንጂ ቁልፍ የለውም። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ «በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ቁልፍ ነው» ስላቸው ጉጠቱን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉት። ዘልዬ ያዝኩባቸው። ደክመው መጥተዋልና ቁርስ አብረን በላን።

መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ ስልክ ለማውራት እንጂ ፋይል ለመላክ አይበቃም። እምድብር ወረድኩ። መብራት የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው አንድ ሰውዬ ጄኔሬተር አስነሳልኝ። ሥራዬን ወደ ቢኒያም ላክሁለት፤ ደረሰው። እሱ አሽጎ ሲልክልኝ ግን መንገድ ላይ ይቋረጣል። እንደገና፤ ይቋረጣል።

«መቅዲ፣ ተይው በቃ» አለኝ በስልክ። «ተመለሽና እዚህ እናስተካክለዋለን። ከመስቀል በኋላ እንለቀዋለን።»

«ከመስቀል በኋላ ልጅቷ ወልዳለች። ፎቶዎቹን አውጣቸው።»

«የትኞቹን?»

«ሁሉንም! የመክፈቻውን ሥዕል፣ የሞተሩን ሥዕል፣ ያንን የምትወደውን የሚሽከረከር ነገር ሁሉ። ራቁቱን አሽገህ ላክልኝ።»

«አስቀያሚ ይሆናል እኮ።»

«ይሁን!»

ተበሳጨ፤ ግን አደረገው። ቀልሎ መጣ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ «የእኔም እናት እዚያ መንደር ናት» አለኝ።

መንደር ስመለስ ጀፎረው ላይ ቆመን ከስልክ ወደ ስልክ አስተላለፍነው። እዚያ ሰው መተግበሪያ ከኢንተርኔት አያወርድም፤ ማውረዱ የማያልቅ ስለሚመስለው ከጎረቤቱ ስልክ ነው የሚቀበለው። ታደሰ በክራንች ቆሞ «ለእኔ ያለቀሳችሁ ሁሉ ኑ ተቀበሉ!» እያለ ይጣራል። መጡ፤ እየፈሩም ቢሆን መጡ። የመጨረሻው ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ጫንኩላቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው «ድረስ» ብለው አነበቡ።

«ስሙ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ይቀመጥ። ግን አላምነውም፤ አልዋሽሽም።»

ልሞክርላቸው ብል እትዬ አስካለ እጄን ያዙኝ። «የሰው ስም ጠርተሽ እንዳትሞክሪ! ያኛው ሙከራ ይበቃናል» አሉኝ። ስለዚህ በጋሽ ወልዴ ስልክ፣ በእሳቸው ትልቅ ፊደል መልእክቱ እንዴት እንደሚታይ ሳላይ ቀረሁ።

ሐሙስ

ጠዋት እትዬ አስካለ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ከተቱልኝ። ብርሃኔ እስከ ጀፎረው ሸኘችኝ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው የምትራመደው። «አትፍሪ» አልኳት። «አንቺ ነሽ የፈራሽው» አለችኝ። ልክ ናት።

ወደ ቡታጅራ በወልቂጤ ዞሮ መሄድ ይቻላል፤ እኔ በአገና በኩል ተራራውን ላቋርጥ ብዬ የአይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተሳፈርኩ። ከፍ እያልን ስንሄድ አሰቱ እየሳሳ ገብሱ እየበዛ መጣ፤ ብርዱም በረታ። እንጦጦን ብርድ የምንል ሰዎች እዚያ ብንወስድ እንጦጦን ይቅርታ እንጠይቃለን። ወልቂጤ ወገቤ ላይ ያሰርኩትን ሹራብ ለብሼ የሾፌሩን ብርድ ልብስ ደረብኩ። ዳገት ላይ ጎማውን ጭቃ በላው። ወርደን ገፋን። ከገፉት መሀል አንዲት ሴት የገብስ ቆሎ በመዳፌ ሞላችልኝ፤ በጭቃ እጄ በላሁት። ስልኬን እያወጣሁ አያለሁ፤ ኔትወርክ የለም። ብርሃኔ አሁን ቢይዛትስ እያልኩ መንገዱን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ።

ቡታጅራ ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ አየሩ ደግሞ መልሶ ሞቀ። የሞተረኞቹ ሰብሳቢ ከድር ቤቱ ወሰደኝ። «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ስገባ ቤተሰቡ በሙሉ ተነስቶ ተቀበለኝ። ጭቃዬን አይተው ምግብ ከማቅረባቸው በፊት የእግር ውኃ አሞቁልኝ። በዚህ አንድ ጉዞ እግሬን ያጠቡኝ ሰዎች፣ በአዲስ አበባ ዕድሜዬ ቤቴ መጥተው ከጠየቁኝ ጎረቤቶች ይበልጣሉ። ከበላን በኋላ ከድር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቅደስ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም» አለኝ። «ሰው ገደለ የሚባለው የስልክ ነገር ያንቺ ነው አሉ። ወሬው ተራራውን ቀድሞሽ ተሻግሯል።»

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሞተረኞቹ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። የሆነውን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ «ሞተ»ንም፣ ድንኳኑንም፣ ነጥቦቹንም። ሲሰሙ ሳቁ። ሲያበቁ ግን አንዱ ተነስቶ «እህቴ፣ ስሙን መቀየር ቀላል ነው። በሽማግሌ ስልክ ላይ ምን እንደሚል አይተሻል?» አለኝ።

«አላየሁም» አልኩ። ውሸት ብናገር ይሻለኝ ነበር፤ ግን አፌ አልታዘዘልኝም። ማጉረምረም ተጀመረ። ከድር አንገቱን ደፋ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የታደሰ ነው፤ ድምፁ ግን የጋሽ ወልዴ።

«ልጄ፣ ብርሃኔን ምጥ ያዛት። ነካሁት። ሞተረኛው መጣ። እናቷ ከኋላ ደግፋት ሄዱ።»

«እና ደረሱ?»

«አሁን ስልኬ ጮኸ። ፈራሁና ገልብጬ አስቀመጥኩት። ካንቺ ጋር ልየው ብዬ ነው በታደሰ ስልክ የደወልኩት።»

በረንዳው በሙሉ እኔን ያያል። ስልኩን ይዤ ወጣ ብዬ ማውራት እችል ነበር። እልህ ያዘኝ፤ የመጣው ይምጣ አልኩና ድምፁን ወደ ውጭ ለቀቅኩት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይገልብጡት፣ ጋሽ ወልዴ» አልኩ።

ትንፋሻቸው ይሰማናል። ቀስ ብለው፣ ፊደል እየቆጠሩ አነበቡ።

«ብርሃኔ፣ ደረሰች» አሉ። እያለቀሱ ነበር። «ነጥብ የለውም፣ ልጄ። ምንም ነጥብ የለውም።»

ከድር ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እንድጭንለት ፊቴ አኖረው።